ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እና ስማቸውን የተሸከመችው ከተማ

ከገንዳ ውሃ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ የሱዳንን ምድር ከመርገጡ በፊት በመጨረሻ የሚያገኛት የኢትዮጵያ ከተማ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ከወሰኑ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ጋላባት ናት። ሸቀጥ የሚያመላልሰው ነጋዴና ሾፌር፣ ሰሊጥና ጥጥ ለመሰብሰብ በየዓመቱ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በአካባቢው ተወልዶ የሚያድገው ሕፃን ሁሉ ይህን ስም በየዕለቱ ይጠራል። ስሙ የተወሰደው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በዚሁ ሥፍራ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ከሞቱት ከንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው።

ለካቶሊካውያን ምእመናን የእኚህ ንጉሠ ነገሥት ታሪክ ቀላል ታሪክ አይደለም። ለሀገርና ለወገን ሕይወታቸውን የሰጡ ንጉሥ ናቸው። እኚሁ ንጉሥ ግን ሚሲዮናውያንን ከሀገር ያስወጡ፣ የካቶሊክ እምነት ተከታዮችን ያስጨነቁ፣ የወሎን ሙስሊሞችም በዐዋጅ ክርስትና እንዲነሡ ያስገደዱ ናቸው። ልጆቻችን በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ስለ አባ ማስያስ ስደት፣ በቀለም ትምህርት ቤት ደግሞ በመተማ ስለ ወደቀው ንጉሥ ሲማሩ ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኘው አንድ ሰው መሆኑን ሁልጊዜ አያስተውሉም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዐፄ ዮሐንስን ሕይወት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው፣ የሚመሰገኑበትንም የሚወቀሱበትንም በአንድ ላይ አድርገን እናቀርባለን። የተለየ ምልክት ካልተደረገበት በቀር ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉ እናሳስባለን።

ትውልዳቸውና ዘመናቸው

ዐፄ ዮሐንስ በ1829 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ፣ በተምቤን አውራጃ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ካሳ ነበር። አባታቸው የተምቤን ገዥ የነበሩት ሹም ተምቤን ምርጫ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ ስላስ ድምፁ የእንደርታ ባላባት ልጅ ነበሩ። በዚህም ካሳ በትግራይ ስመ ጥር ከሆኑት ቤቶች ከሁለቱ ተወለዱ። በኋላ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ካሳ ተብለዋል።

የተወለዱበት ዘመን የጎንደር ነገሥታት ሥልጣን ተዳክሞ መሳፍንት እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ዘመን ነበር። ካሳ ሕፃን ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. ዛሬ በቅድስና የምናከብራቸው የላዛሪስት ማኅበር አባል ዩስጢኖስ ደ ያቆብስ ወደ ትግራይ መጥተው ማስተማር ጀመሩ። በእርሳቸው ስብከት የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1855 ዓ.ም. በእስርና በእንግልት ሞቱ፤ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። ይህ የሆነው በአቡነ ሰላማና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው።

በዚያው ጊዜ ትግራይን የገዙት ደጃዝማች ንጉሤ ዐፄ ቴዎድሮስን ለመቋቋም የፈረንሳይን መንግሥት እርዳታ ፈለጉ፤ ለእርዳታውም በቀይ ባሕር ጠረፍ ያለ መሬት ለመስጠት ተስማምተው ነበር። ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. ተሸንፈው ሲገደሉ ካሳ ወጣት ነበሩ። አንድ መስፍን በካቶሊካዊ መንግሥት እርዳታ ዙፋን ሲመኝ፣ ሚሲዮኑም ከዚሁ ጋር ስሙ ሲነሣ በዐይናቸው አዩ። ካሳ በነገሡ ጊዜ ሚሲዮናውያንን በጥርጣሬ የተመለከቱበት አንዱ ምክንያት በዚህ የወጣትነት ዘመናቸው ይገኛል።

ወደ ዙፋን የወሰዳቸው መንገድ

ካሳ ቀድሞ ለዐፄ ቴዎድሮስ ያደሩ ቢሆኑም በኋላ ሸፍተው ትግራይን በእጃቸው አደረጉ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ካሳ በግዛታቸው እንዲያልፍ ፈቀዱለት፤ ስንቅ የሚገዛበትንም ገበያ ከፈቱለት። ጦሩ ሲመለስ መድፎችና ጠመንጃዎች ትቶላቸው ሄደ። ከዘመቻው በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ጆን ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊም ወታደሮቻቸውን በአዲሱ መሣሪያ አሠለጠነላቸው።

ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ የካሳ እኅት ነበሩ። ይሁን እንጂ ዝምድናው ጦርነትን አላስቀረም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በተደረገው ውጊያ በቁጥር ያነሰው የካሳ ሠራዊት አሸነፈ፤ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስም ተማረኩ። ካሳ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን፣ በጳጳሱ በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተባሉ።

በግል ሕይወታቸው ጸሎትና ጾም የሚያዘወትሩ ሰው ነበሩ። የልጃቸው የራስ አርአያ ሥላሴ እናት ከአፋር ሙስሊም ወገን ተወልደው ክርስትናን የተቀበሉ ሲሆኑ፣ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ንጉሡ ሌላ ሚስት አላገቡም፤ እንደ መነኩሴም ኖሩ። በኢየሩሳሌም ለኢትዮጵያውያን ምእመናን መሬት ገዝተው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ። በአንጻሩ ትንባሆ ማጨስን እንደ ኃጢአት ቆጥረው ሲከለክሉ በተላላፊዎች ላይ ያስፈጸሙት የአካል ቅጣት እጅግ የከፋ ነበር። ሃይማኖታቸው ከልብ የመነጨ መሆኑን የሚጠራጠር ብዙ የለም። ጥያቄው ለእምነታቸው መስፋፋት በተጠቀሙበት መንገድ ላይ ነው።

ከግብጽ ጋር የተደረጉት ጦርነቶች

በዚያ ዘመን ግብጽን ይገዛ የነበረው ኸዲቭ ኢስማኤል የዓባይን ሸለቆና የቀይ ባሕርን ጠረፍ በሙሉ ለመያዝ ያስብ ነበር። ቀድሞ በምጽዋ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል የነበረውና በኋላ ለግብጽ ያደረው ሙንዚንገር የተባለ ስዊሳዊ እ.ኤ.አ. በ1872 ዓ.ም. የቦጎስን አገር፣ ማለትም ከረንንና አካባቢውን ለግብጽ ያዘ። በከረን የካቶሊክ ሚሲዮን ነበረ። ዐፄ ዮሐንስ ትናንት የካቶሊካዊ መንግሥት ቆንስል የነበረው ሰው ዛሬ የወራሪ አገረ ገዥ ሆኖ ሲያዩ ጥርጣሬያቸው በረታ።

ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. በዴንማርካዊው በኮሎኔል አረንድሩፕ የተመራው የግብጽ ጦር ጉንደት ላይ ተደመሰሰ፤ አዛዡም በዚያው ወደቀ። በዚያው ሰሞን ሙንዚንገር በአፋር ምድር በአውሳ ተገደለ። ግብጽ ሁለተኛ፣ ከፊተኛው የበረታ ጦር ላከች። በዚህ ጦር ውስጥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ መኮንኖች ነበሩ፤ የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ሎሪንግም በዚያ ጦርነት በደቡቡ ወገን የተሰለፈ ጄኔራል ነበር። ይህም ጦር በየካቲት ወር መጨረሻ 1868 ዓ.ም. ጉራ ላይ ተሸነፈ። በዚህ ድል የዐፄ ዮሐንስ ስም ከሀገር አልፎ በውጭም ተሰማ።

ቦሩ ሜዳና የአባ ማስያስ ስደት

ከውጭ ጠላት ዕረፍት ሲያገኙ ንጉሠ ነገሥቱ ፊታቸውን ወደ ሀገር ውስጥ አንድነት መለሱ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ስምምነት ገቡላቸው፤ እርሳቸውም የምኒልክን የንጉሥነት ማዕረግ አጸኑላቸው። ከስምምነቱ ግዴታዎች አንዱ በሸዋ የነበሩትን ሚሲዮናውያን ማስወጣት ነበር።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደረገ። ጉባኤው በኦርቶዶክሳውያን ሊቃውንት መካከል ለብዙ ዘመን የቆየውን የነገረ መለኮት ክርክር በተዋሕዶ ወገን ፈርዶ ዘጋ። ከዚያም ለወሎ ሙስሊሞች፣ ለሹማምንቱ በተለይ፣ ክርስትና እንዲነሡ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ ትእዛዝ ወጣ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የክርስትና አባት ሆኗቸው። እኚህ ሰው በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ብዙዎች ግን አልተቀበሉትም። ሼህ ጠልሃ በመሩት ዐመፅ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ብዙ ሕዝብም ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ። ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ሀገር በአንድ እምነት ብቻ እንደሚጸና ያምኑ ነበር። በሰይፍ ጥላ ሥር የተሰጠ ጥምቀት ግን በልብ ውስጥ እምነትን እንደማይተክል በወሎ የሆነው አሳየ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ሞት በኋላ ብዙዎች ወደ ቀድሞ ሃይማኖታቸው ተመልሰዋል።

በሸዋ ከተሰደዱት ሚሲዮናውያን ዋነኛው የካፑቺኑ ጳጳስ ጉሌልሞ ማሳያ፣ እኛ አባ ማስያስ የምንላቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1809 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1846 ዓ.ም. ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። በጎጃም አድርገው ወደ ኦሮሞ አገሮችና ወደ ከፋ ዘለቁ፤ ሕዝቡን ከፈንጣጣ ለማዳን ይከትቡ ነበር፤ የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው የሚያስተምር መጽሐፍም በፓሪስ አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1868 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋ ተቀምጠው የንጉሥ ምኒልክ አማካሪ ሆኑ። ለንጉሠ ነገሥቱ ይህ ወዳጅነት ራሱ የሚያሰጋ ነበር፤ ምኒልክ በአባ ማስያስ በኩል ከኢጣልያ ጋር ይገናኙ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1879 ዓ.ም. አባ ማስያስ ከሌሎች ሚሲዮናውያን ጋር ወደ ደብረ ታቦር ተጠርተው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ። ከሀገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው፤ በሽምግልናቸውና በሕመማቸውም በሱዳን በረሃ በኩል ተጉዘው ወጡ። ሠላሳ አምስት ዓመት የደከሙበትን ምድር ዳግመኛ አላዩትም። እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም. ካርዲናል ሆኑ፤ በነሐሴ ወር 1881 ዓ.ም. በሰማንያ ዓመታቸው በኢጣልያ ዐረፉ። አሳዳጁና ተሳዳጁ በዚያው በአንድ ዓመተ ምሕረት፣ በአምስት ወር ልዩነት ከዚህ ዓለም ተለዩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በኅዳር 2009 ዓ.ም. የአባ ማስያስን የላቀ የምግባር ሕይወት አጽድቀዋል።

ወሰኑ በሦስት ወገን ሲነድ

በሱዳን መሐመድ አሕመድ ማህዲ ነኝ ብሎ ተነሥቶ የግብጽን አገዛዝ ባፈረሰ ጊዜ በልዩ ልዩ ከተሞች የነበረው የግብጽ ጦር ተከበበ። በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዐድዋ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር በተደረገው ውል ዐፄ ዮሐንስ የተከበቡት ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ። በአጸፋው ቦጎስ ሊመለስላቸው፣ በምጽዋም ዕቃቸው በነጻ ሊያልፍ ነበር። ጋላባት ላይ ተከቦ የነበረው ጦርም በ1877 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን እርዳታ ወጥቶ በደኅና ወደ ምጽዋ ደረሰ። ትናንት በጉንደትና በጉራ ጠላት የነበረው ጦር ወታደሮች ዛሬ በእርሳቸው እጅ ዳኑ። ይህ ሥራ ግን የድርቡሾችን ቁጣ በኢትዮጵያ ላይ አመጣ። እንግሊዝም በዚያው ዓመት ኢጣልያ ምጽዋን ስትይዝ ዝም ብላ ተመለከተች።

ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ዕረፍት አላገኙም። ራስ አሉላ በ1878 ዓ.ም. መጀመሪያ ኩፊት ላይ ድርቡሾችን፣ በጥር 1879 ዓ.ም. ደግሞ ዶግዓሊ ላይ የኢጣልያን ጦር አሸነፉ። በዚያው ጥር የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋላባትን ወግተው የድርቡሾቹን አሚር ገደሉ። በቀሉ ከባድ ሆነ። በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ ዓንጃ በደንቢያ፣ ሳር ውሃ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናት ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተማርኮ በዚሁ በቆላው መንገድ ወደ ሱዳን ተነዳ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሰዓት በሰሓጢ ከኢጣልያ ጦር ጋር ተፋጠው ነበር። ሳይዋጉ ተመለሱ። በሰኔ ወር አንድ ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ሞተ። ከብቱን የፈጀውና ለክፉ ቀን መነሻ የሆነው በሽታ በዚያው ጊዜ ሀገሪቱን ይመታ ጀመር። ንጉሥ ምኒልክና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእርሳቸው ላይ መማከራቸውን ሰምተው ወደ ጎጃም ዘመቱ፤ ሠራዊታቸውም ምንም ያላጠፋውን ገበሬ ሳይለይ አገሩን በዘበዘ። የጎጃም ሕዝብ ያን ዘመቻ ለረጅም ጊዜ በምሬት አስታውሶታል።

በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ ዓንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። ሁለቱ ሕዝቦች ደማቸውን በከንቱ ከሚያፈስሱ ይልቅ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የጋራ ጠላት ቢያስቡ እንደሚሻል አመለከቱ። በቦሩ ሜዳ በእምነት ምክንያት ያስገደዱት ንጉሥ በመጨረሻቸው ሰሞን ለሌላ እምነት ጎረቤት የሰላም እጅ መዘርጋታቸው ልብ ሊባል ይገባል። መልሱ ስድብ ሆነ። ከዚያ በኋላ የጎንደርን ጥፋት ለመበቀልና ወሰኑን ለመጠበቅ ወደ መተማ ለመዝመት ቆረጡ።

መተማ

መተማ ከጥንት ጀምሮ የንግድ በር ነበረች። ከደጋው ቡና፣ ሰምና ወርቅ ይወርድባታል፤ ከሱዳን ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይወጣባታል። ባሮችም ይሸጡባት እንደነበር መደበቅ አይገባም። ከምዕራብ ሱዳን በኩል መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮች ያስተዳድሯት በነበረበት ዘመን ለኢትዮጵያም ለግብጽም ይገብሩ ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ ከመቶ ሺህ እንደሚበልጥ የሚገመት ሠራዊት ይዘው ወረዱ። አቡ ዓንጃ ከውጊያው በፊት በሕመም ሞቶ ስለ ነበር የድርቡሾቹን ጦር የመራው ዘኪ ጡማል ነበር። እርሱም በመተማ ዙሪያ በእሾህ ያጠረ ብርቱ ምሽግ አሠርቶ ጠበቀ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ምሽጉን ከበበ። ከብዙ እልቂት በኋላ አጥሩ ተጣሰ፤ ወታደሩም ወደ ውስጥ ገባ፤ ድሉ ቀርቦ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከሠራዊታቸው ጋር ወደ ፊት ገፍተው ሲዋጉ በጥይት ተመቱ። ወደ ድንኳናቸው ተወሰዱ። ወሬው በሠራዊቱ መካከል ሲሰማ የድሉ ጉልበት ወዲያው ከዳ፤ ወታደሩም ከምሽጉ ወጥቶ ይሸሽ ጀመር።

በሞት አፋፍ ሳሉ ዐፄ ዮሐንስ እስከዚያ የወንድማቸው ልጅ ይባሉ የነበሩትን ራስ መንገሻን ልጃቸው መሆናቸውን ተናግረው አልጋ ወራሽ አደረጓቸው። ከዚያም ዐረፉ። መኳንንቱ አስከሬናቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ በእኛ በኩል ጓንግ በሚባለው በአትባራ ወንዝ አጠገብ ድርቡሾች ደረሱባቸው። የንጉሡ አጎት ራስ አርአያ ድምፁ አስከሬኑን አናስደፍርም ብለው ሲከላከሉ ከብዙዎች ጋር ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። በአክሱም ጽዮን የተቀቡት ንጉሥ መቃብር ሳይኖራቸው ቀሩ፤ የመቃብራቸው ምልክት ሆኖ የቀረው የከተማይቱ ስም ነው ማለት ይቻላል።

ቤተሰባቸውና ስማቸው

ዙፋኑ ለራስ መንገሻ አልሆነም። ንጉሥ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ዐወጁ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። ኢጣልያም በተፈጠረው ክፍተት ከረንንና አሥመራን ያዘች። ራስ መንገሻ ለዐፄ ምኒልክ ገብረው በዐድዋ ጦርነት ተሰለፉ፤ በኋላ ግን ስለ ሸፈቱ ታስረው በአንኮበር ሞቱ። ልጃቸው ልዑል ራስ ሥዩም ኢጣልያ ለሁለተኛ ጊዜ በወረረች ጊዜ ሲዋጉ፣ ከዚሁ ቤት የተወለደው ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ በ1928 ዓ.ም. ወደ ጠላት ከዳ። ራስ ሥዩም በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ተገደሉ። ልጃቸው ራስ መንገሻ ሥዩም እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ትግራይን አስተዳደሩ።

የቤተሰቡ ሥልጣን እንዲህ አለፈ፤ ስሙ ግን በምድር ላይ ቀረ። በመቀሌ ዐፄ ዮሐንስ ያሠሩት ቤተ መንግሥትና በስማቸው የተሰየመው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሉ። በዚህ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ደግሞ መተማ ዮሐንስ አለች። መቀሌ የነገሡበት፣ መተማ የሞቱበት ነው፤ ሁለቱ ስሞች የአንድን ሕይወት መነሻና መድረሻ ያመለክታሉ።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ የካልቨርት ቤተሰብ የተባለ ካቶሊካዊ ቤት ነበረ፤ የማዕረግ ስሙም ባልቲሞር ይባል ነበር። ሴሲል ካልቨርት ከንጉሡ በተሰጠው ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1634 ዓ.ም. በአሜሪካ የሜሪላንድን ቅኝ ግዛት አቋቋመ። በእንግሊዝ ካቶሊኮች ይሰደዱ ስለ ነበር፣ በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1649 ዓ.ም. ክርስቲያኖች በእምነታቸው ምክንያት እንዳይጨቋቆኑ የሚል ሕግ ወጣ። ሕጉ ምሉዕ አልነበረም፤ ሥላሴን የሚክድ በሞት እንዲቀጣ ይደነግግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1689 ዓ.ም. በኋላ ሥልጣኑ ከቤተሰቡ እጅ ሲወጣ፣ ካቶሊኮች ራሳቸው በመሠረቱት አገር በአደባባይ ማምለክና በምርጫ ድምፅ መስጠት ተከለከሉ። ዛሬ ባልቲሞር የምትባለው ታላቅ ከተማ፣ ካልቨርትና ሴሲል የሚባሉት አውራጃዎች የዚያን ቤተሰብ ስም ይዘው ይኖራሉ። ስሙን የሚጠሩት አብዛኞቹ ሰዎች ግን የእነማን እንደ ነበረ፣ ምን ደግ እንደ ሠሩና በምን እንደ ጎደሉ አያስቡም። ስም ብቻውን ታሪክን አያስተምርም፤ የሚተርክ ሰው ያስፈልገዋል።

ለእኛ የተረፈው ትምህርት

ዐፄ ዮሐንስን የምንፈርድባቸው እኛ አይደለንም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው። ይሁን እንጂ ታሪካቸውን ሙሉ አድርገን የመንገር ግዴታ አለብን። በመተማ ለወገናቸው መውደቃቸውን እያመሰገንን በቦሩ ሜዳ የተገደዱትን፣ በጎጃም የተዘረፉትን፣ በሱዳን በረሃ የተሰደዱትን ብንረሳ እውነትን እናጎድላለን። የአባቶቻችንን ስደት ብቻ እያሰብን ንጉሡ ለምን እንደ ፈሩ፣ ለማንስ እንደ ሞቱ ብንዘነጋም እንዲሁ እናጎድላለን። የውጭ መንግሥታት ጥቅም ከወንጌል ሥራ ጋር በመደባለቁ በእምነት ላይ ምን ያህል እንቅፋት እንደ ሆነ ማመን ለእኛ ለካቶሊካውያን የሚገባ ትሕትና ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ ማንም ሰው በእምነት ነገር በኃይል እንዳይገደድ አስተምሯል፤ ይህ ትምህርት እኛን ያስገደዱንን ብቻ ሳይሆን እኛንም ይመለከታል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ አባ ማስያስ ሲያስተምሩ ልጆቹን በጎረቤቶቻቸው ላይ ቂም እንዲይዙ እንዳያደርጉ ይጠንቀቁ። በዚህ ቆላ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ካቶሊኩ በአንድ ገበያ ይውላሉ፤ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት ምክንያት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚሁ በመተማ በር ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። አንድ ጊዜ የሁለቱ ሕዝቦች ደም እንደ ውሃ የፈሰሰበት ሥፍራ የተሰደደ ሰው ውሃና መጠለያ የሚለምንበት ሥፍራ ሆኗል። ከመጡት መካከል በዚያ ጦርነት የተዋጉ ሰዎች የልጅ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ። በዚህ በር ለሚገባ ስደተኛ ቤቱንና እጁን የሚከፍት ክርስቲያን ዐፄ ዮሐንስ በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. በደብዳቤ ሽተው ያላገኙትን ሰላም በሥራው ይፈጽማል።